መጀመሪያ ካምቢዮውን እዩ
ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ የስፖርት መኪና ወሬ ሲነሣ ሁሉም የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበት ነው። ውጭ አገር ሆናችሁ ለመግዛት የምታስቡ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ካምቢዮውን እዩ። ፖርሽ በ2016 ያወጣው 911 አር የተሠራው በማኑዋል (ማርሹ በእጅና በፍሪሲዮን በሚቀየር) ካምቢዮ ብቻ ነው፣ ብዛቱም 991 መኪና ነበር፤ ወዲያው ከፋብሪካ ዋጋው በላይ ተቸበቸበ። በፌራሪ 599 ደግሞ አብዛኛው ገዢ ማርሹ ከመሪው ሥር የሚቀየረውን ስለመረጠ ማኑዋሉ ጥቂት ብቻ ተሠራ። ዛሬ ያ ጥቂቱ ከሌላው በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሸጣል። ብርቅ መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ፈላጊም ይፈልጋል። በኋላ ወደ ማኑዋል የተቀየረ መኪና የፋብሪካውን ያህል አያወጣም፤ ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ሳታመሳክሩ ቀብድ አትክፈሉ።