‹ቦሮው›ንና ‹ሌንድ›ን በስልክ ስናስጠና ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ይሁን ወልድያ፣ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ከአማርኛው በቀር ትምህርቱን በእንግሊዝኛ እንዲከታተል ይጠበቅበታል። ሊረዳው የሚነሳ ወላጅ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ቀድሞ የሚያነሳው ስልኩን ነው፤ ደግ አድርጓል። እንደ አንኪድሮይድ ያለ ነፃ የካርድ አፕ፣ ማለትም ከፊቱ ጥያቄ ከጀርባው መልስ ያለበትን ካርድ የሚያሳይ፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ልጁ የረሳውን ቶሎ፣ ያወቀውን ቆይቶ ይጠይቀዋል። ግን አፑ የሚመልሰው የገባለትን ነው። ካርዱ ከተበላሸ ስህተቱን ያስሸመድዳል።

ሁለቱን ቃል በአንድ ቀን ማስገባት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ብዙ አስጠኚ ደግሞ እንደ ብልሃት ይቆጥረዋል። ‹ቦሮው› ተዋሰ፣ ‹ሌንድ› አዋሰ ተብሎ ጎን ለጎን ይጻፋል። ሁለቱም አዲስ ስለሆኑ አንዱ ሳይረጋ ሌላው ይደርብበታል። ልጁ ነገሩ ስለ ውሰት መሆኑን ያስታውሳል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን ይጠፋበታል። የኒውዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን የሚቀራረቡ አዳዲስ ቃላትን አንድ ላይ ማስተማር እንደሚያምታታ ጽፏል። አማርኛችን ደግሞ ችግሩን ይጨምርበታል፦ ተዋሰና አዋሰ፣ ተማረና አስተማረ ከየአንድ ሥር ሲወጡ እንግሊዝኛው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ቃላት አሉት። ‹ቲቸሬ አስተማረኝ› ሊል ‹ለርን›ን የሚጠቀመው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ‹ቦሮው›ን ብቻ፣ ‹ፍሮም›ን አስከትለው፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፦ ከጓደኛዬ ደብተር ተዋስኩ፣ ከጎረቤት ወንፊት ተዋስን፣ ከአጎቴ ብስክሌት ተዋስኩ። ሳያመነታ መመለስ ሲችል ‹ሌንድ›ን ከ‹ቱ› ጋር በሌላ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያምጡ። ባዶ ቦታ ያላቸው፣ ሁለቱን የሚያፎካክሩ ካርዶች የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከካርዱ ጀርባ አንድ የአማርኛ ቃል መጻፍ

‹አሸነፈ› ብለው ከጻፉ ልጁ ‹ዊን›ንና ‹ቢት›ን አይለይም። ወልድያ ጨዋታውን ሲያሸንፍ ‹ዊን› ነው፤ ወልድያ ኮምቦልቻን ሲያሸንፍ ግን ‹ቢት›። ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣው ጨዋታው ወይስ ተሸናፊው እንደሆነ ካርዱ ላይ መታየት አለበት። ‹አስታወሰ›ም እንዲሁ ነው፦ ራሴ ሳስታውስ ‹ሪሜምበር›፣ እናቴ ስታስታውሰኝ ‹ሪማይንድ›። ስለዚህ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ልጁ በሚያውቀው ሰውና ቦታ።

የእንግሊዝኛውን ድምፅ በፊደላችን መጻፍ

‹ኖረ› እና ‹ለቆ ሄደ› በፊደላችን ሁለቱም ‹ሊቭ› ይሆናሉ። ‹በግ›ና ‹መርከብ›ም በ‹ሺፕ› ይገናኛሉ። ‹ለቆ ሄደ› እና ‹በግ› ረዘም ብለው ከንፈር ተዘርግቶ ይባላሉ፤ ‹ኖረ› እና ‹መርከብ› አጭር ናቸው፣ በ‹ሊ› እና በ‹ል› መካከል ያለ ድምፅ። ይህን ፊደላችን አይሸከመውም። ትክክለኛ ድምፅ ካርዱ ላይ ያያይዙ። ልጁ ‹አክስቴ ሐይቅ ትኖራለች›ን እና ‹አክስቴ ከሐይቅ ትነሳለች›ን ሰምቶ ይለይ፣ ከዚያ ራሱ ጮክ ብሎ ይበል።

ምርጫ እያስነኩ ብቻ ማለማመድ

ከሁለት ምርጫ አንዱን መንካት ባያውቅም ግማሹን ያስገኛል። ‹ዜር› ተብለው በአንድ ድምፅ የሚነገሩት ‹እዚያ› እና ‹የእነርሱ› በመንካት አይጸኑም፤ መጻፍ ይፈልጋሉ። በአንኪድሮይድ መልስ የሚያስጽፍ የካርድ ዓይነት ስላለ እሱን ይምረጡ። ‹እዚያ› የሚለው በውስጡ ‹ሂር›ን፣ ማለትም ‹እዚህ›ን፣ ሙሉውን እንደያዘ ያሳዩት፤ ሁለቱም የቦታ ቃላት ናቸው። የቀረው የባለቤትነቱ ነው።

የአፑን ቁጥርና ቁልፍ እንዳለ መተው

አንኪድሮይድ ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ ይሰጣል። እያንዳንዱ ደጋግሞ ስለሚመለስ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዕለቱ ክለሳ ከ100 ሊያልፍ ይችላል፤ ልጁም ያኔ ይተወዋል። ዴኩን፣ ማለትም የካርዶቹን ስብስብ፣ ተጭነው ይዘው ከሚወጣው ምናሌ ወደ ዴክ ማስተካከያው ይግቡና አዲሱን ወደ 5 ያውርዱት።

ቁልፎቹንም ያስረዱት። የረሳውን ሲያይ ‹ሃርድ›ን (ከበደኝ) የሚነካ ልጅ ብዙ ነው፤ ‹አጌን› (እንደገና) መሸነፍ ይመስለዋል። አፑ ግን ‹ሃርድ›ን እንደ ትክክለኛ መልስ ቆጥሮ ካርዱን ያርቀዋል። ከረሳ ‹አጌን› ብቻ።

ስልኩ የቤተሰብ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ካርዶች በተለየ ዴክ ያድርጉ። በአንድ ዴክ ሁለት ልጅ ከተፈራረቀ አፑ የአንዱን ዕውቀት ለሌላው ይቆጥራል።

አንድ ካርድ 8 ጊዜ ከተረሳ አንኪድሮይድ አስቸጋሪ ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ያን ጊዜ ልጁን አይቆጡት። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ስለሆነ ያጥፉትና ልጁ ራሱ በመረጠው ሌላ ዓረፍተ ነገር እንደ አዲስ ይጻፉት።