ጀርመን ለሚማር ተማሪ፦ በ992 ዩሮ ወሩን እንዴት መጨረስ ይቻላል

ስኮላርሺፕ ሳይኖረው በራሱ ገንዘብ ጀርመን የሚማር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ለቪዛ ስፐርኮንቶ የሚባል ዝግ ሒሳብ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ እዚያ የሚቀመጠው ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ይህ በ12 ሲካፈል 992 ዩሮ ይሆናል፤ በየወሩ የሚለቀቀውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ወደ ብር ሲመነዝሩት ሀብታም ያደረገ ይመስላል። ሲደርሱ ግን ሌላ ነው።

በብር ማሰብ አቁሙ

ሁሉን ነገር በብር የሚመነዝር ሰው ሁለት ዕጣ ነው ያለው። ወይ አንድ ማኪያቶ ሳይጠጣ ይከርማል፣ ወይ ደግሞ «እንግዲህ ሁሉም ውድ ነው» ብሎ ማስላቱን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ሁለተኛው የባሰ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ለብቻ አስሉ

የዝግ ሒሳቡ ገንዘብ ቦሌ ላይ አይለቀቅም። ጀርመን ገብታችሁ፣ አድራሻ አስመዝግባችሁ፣ የባንክ ሒሳብ እስክትከፍቱ ሳምንታት ሊሄዱ ይችላሉ። እስከዚያው የሚበላም የሚከፈልም አለ። ስለዚህ ከ992ቱ ውጪ ቢያንስ የአንድ ወር ተኩል ወጪ በእጃችሁ ይኑር።

የቤት ኪራይ ሲነገራችሁ «ካልት ነው ዋርም?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልት ባዶ ቤቱ ነው። ዋርም ማሞቂያውንና የጋራ ወጪውን ይጨምራል። መብራትና ኢንተርኔት ዋርም ውስጥ መኖር አለመኖራቸውንም ለይታችሁ ጠይቁ። ካውሲዮን የሚባለው ማስያዣ በሕግ ከሦስት ወር ካልት ኪራይ አይበልጥም። በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈልም የተከራይ መብት ነው። ይህን ብዙ አከራይ አፍ አውጥቶ አይነግራችሁም፤ እናንተ ጠይቁ።

የተማሪ ዶርም ርካሽ ነው፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። የዩኒቨርሲቲው መቀበያ ደብዳቤ በደረሳችሁ ቀን አመልክቱ።

ቋሚ ወጪውን ቀንሱ

ከ30 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ የጤና መድን በወር ወደ 145 ዩሮ ነው። ኪራዩን 400 እንበል። በዚህ ዋጋ ሙኒክ ላይ ክፍል ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፤ ማግደቡርግ ወይም ኬምኒትስ ላይ ይገኛል። ስልክ 10 ዩሮ። ባደን ቩርተምበርግ ክልል ለምትሄዱ ይህ ሁሉ ስሌት አይበቃም፤ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ተማሪ በየሴሜስተሩ 1,500 ዩሮ የትምህርት ክፍያ ይከፍላል።

በየወሩ የማይመጣውን ክፍያ ወርሃዊ አድርጉት

ተማሪን ኪሳራ ውስጥ የሚከተው ምግብ ነው ይባላል። አይደለም። የሽንኩርት ዋጋ ማንንም አልጣለም። የሚጥለው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቅ የሚለው ክፍያ ነው። ለስምንት ወር በጀቱ ይሠራል፤ በዘጠነኛው ሦስት ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ይመጣል።

በወረቀት ላይ ዘርዝሯቸው። የሴሜስተር ክፍያ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ 250 ብንይዘው በዓመት 500 ዩሮ ነው። (ብዙ ቦታ የትራንስፖርት ቲኬቱን ይጨምራል፤ መጨመሩን ሳታረጋግጡ ሌላ ወርሃዊ ቲኬት አትግዙ።) የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ ወደ 100። ዓመታዊው የማሞቂያ ሒሳብ ሲወራረድ የሚመጣ ጭማሪ፣ 200 ያዙለት። የክረምት ጃኬትና ጫማ 150።

ከዚያ ደግሞ ሩንድፉንክባይትራግ አለ። የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ነው፤ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም ትከፍላላችሁ። በወር 18.36 ዩሮ፣ ብዙውን ጊዜ የሦስት ወሩ በአንድ ላይ 55.08 ሆኖ ይጠየቃል። ደብዳቤው መስኮት ባላት ተራ ነጭ ፖስታ ይመጣል፤ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። አንድ የማውቀው ልጅ ሳይከፍት እየቀደደ ይጥለው ነበር። በኋላ ቤቱ ከገባበት ወር ጀምሮ ተሰልቶ፣ የመዘግያ ቅጣት ተጨምሮበት በአንድ ወረቀት መጣለት። በጋራ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ለአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚከፍለው፤ ተካፈሉት። ለብቻ ከሆነ በዓመት 220 ይሆናል።

ደምሩት፦ 1,170 ዩሮ። በ12 ሲካፈል 97.50። እንግዲህ ይህ የእናንተ ገንዘብ አይደለም። ሁለተኛ ነፃ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ወሩ በገባ በሁለተኛው ቀን 98 ዩሮ በራሱ እንዲተላለፍ አዝዙ። ካርዱን ቦርሳ ውስጥ አትያዙት። ወጪ የሚመዘግቡ የስልክ አፖች አሉ፤ እኔ አልወዳቸውም፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በቀለም አስጊጠው ያሳዩሃል እንጂ አያስቀሩትም።

«እቁብ ብንገባስ?» የሚሉ አሉ። እቁብ ጥሩ ነው፤ ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አይጠፋም። ለዚህ ግን አይሆንም። የሴሜስተር ክፍያ ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣላችሁ ግን አይታወቅም። ለላፕቶፕ መግዣ ግቡበት።

ለቤተሰብ የሚላከውን በጀት ውስጥ አስገቡ

«አንተ፣ ዩሮ አይደል እንዴ በእጅህ ያለው?» የሚለው ስልክ መምጣቱ አይቀርም። የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአጎት ልጅ ሠርግ፣ የእማዬ መድኃኒት። የለኝም ማለት ያሳፍራል፤ ቢባልም የሚያምን የለም። «አልልክም» ብሎ በጀት ማውጣት ራስን ማታለል ነው፤ ትልካላችሁ።

ስለዚህ ትንሽም ቢሆን መደቡለት፤ 30 ዩሮ ይሁን። የመላኪያ ክፍያው እንዳይበላው በየሦስት ወሩ 90 አድርጋችሁ ላኩ። ከቤት ደግሞ አንድ የምታምኑት ሰው ምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ እህት ናት። ኪራዩን፣ መድኑን፣ የቀረውን ቁጥር ቁልጭ አድርጋችሁ አሳዩዋት። ከዚያ በኋላ ጥያቄው በእሷ በኩል ይለፍ። እሷ «አሁን አይመቸውም» ስትል ሰው ይሰማል።

ምግብ

እስካሁን የቀነስነው ሲደመር 992 ወደ 309 ወርዷል። 200ው ለምግብ ይበቃል። ምስርና ሩዝ ከቱርክ ወይም ከህንድ ሱቅ ግዙ። ጤፍ ውድ ነው፤ እንጀራ የቅዳሜና እሁድ ይሁን። በርበሬና ሽሮ ከቤት ይምጣ፤ ቅቤ ግን እንዳትጭኑ፣ የወተትና የሥጋ ውጤት ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ይጥለዋል። ምሳ ሜንዛ (የዩኒቨርሲቲው የተማሪ ምግብ ቤት) ብሉ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ያልገዛ ሰው ባቡር ጣቢያ ሄዶ በውድ ይገዛል። ፕፋንድ (ጠርሙሱን ስትመልሱ የሚመለስ ማስያዣ) ያለባቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች አትጣሉ፤ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው 25 ሳንቲም ናቸው።

ሥራ

እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ የተማሪ ረዳትነት ከዚህ ቁጥር ውጪ ነው፤ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። የሥራውን ገንዘብ በኪራይ ላይ አትመድቡት። በፈተና ወቅት ሰዓት ትቀንሳላችሁ፤ አከራይ ግን አይቀንስም። ደሞዙ ለሚቀጥለው ዓመት ዝግ ሒሳብ ይጠራቀም፤ ፈቃድ ስታሳድሱ «በምን ትኖራለህ?» መባሉ አይቀርም።

ለማስተርስ ዘግየት ብላችሁ የመጣችሁ ደግሞ ዕድሜያችሁን ቁጠሩ። የተማሪ መድን ዋጋ 30 በሞላችሁበት ሴሜስተር መጨረሻ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በብዙ ይጨምራል። አዲሱን ዋጋ ከመድን ድርጅታችሁ ሴሜስተሩ ሳያልቅ ጠይቁና 145 ባልነው ቦታ ተኩት።