«እሳት አይነካውም» ከተባለ ካዝና ጀምሮ፦ የጠመንጃ ካዝና ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ደውሎ «የክላሽ ካዝና አለህ?» አለኝ። አለኝ አልኩት። ስንት ጠመንጃ እንዲይዝለት እንደሚፈልግ ስጠይቀው ግራ ተጋባ። እሱ የፈለገው ጥይት የሚሞላበትን ካዝና ነበር፤ እኔ የምገጥመው ጠመንጃው ራሱ የሚቆለፍበትን ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

አዳማ ውስጥ በብየዳ ጀምሬ፣ ቁልፍ ወደ መጠገን ተሻግሬ፣ አሁን የምተዳደረው ካዝና በመግጠምና እምቢ ያለውን በመክፈት ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ። ስለ ፈቃድ ብዙ አልልም፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዞ ካዝና የሚጠይቀኝን ሰው በመጣበት መንገድ እመልሰዋለሁ።

«እሳት አይነካውም ብለውኛል» ብሎ መግዛት

እሳት የማይነካው ካዝና የለም። ያለው እሳትን ለተወሰነ ደቂቃ የሚያዘገይ ካዝና ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚጠየቀው «ይቃጠላል ወይስ አይቃጠልም?» ተብሎ አይደለም። ስንት ደቂቃ ይቆያል? በስንት ዲግሪ? የፈተነውስ ማን ነው? ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እኔም ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ሰው በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፤ ካዝና ሲገዛ ግን ቀለሙን በእጁ ዳሰስ አድርጎ ብሩን ይቆጥራል።

አሜሪካኖች «ዩ ኤል 72» የሚሉት ፈተና አላቸው። የአንድ ሰዓት ደረጃ የሚሰጠው ካዝና ሙቀቱ እስከ 927 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ውስጡ 177 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠበቅበታል። ምድጃው ሲጠፋም ወዲያው አያወጡትም፤ እዚያው ይቀዘቅዛል፤ ምክንያቱም ግድግዳው የዋጠው ሙቀት ወደ ውስጥ መግባቱን ገና አልጨረሰም። ልብ ይበሉ፣ 177 ዲግሪ የወረቀት ልክ ነው። የቤተሰቡን ፎቶግራፍ የያዘ የኮምፒውተር ዲስክ ከጠመንጃው አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ልክ 52 ዲግሪ ነው፤ ያንን የሚችለው ለዚያ የተሠራ ሌላ ዓይነት ካዝና ነው። የአውሮፓ ዕቃ ከሆነ «ኢ ኤን 15659» የሚል ይፈልጉ፤ የ30 ወይም የ60 ደቂቃ ደረጃ ይሰጣል። በሩን ከፍተው ይህን የሚናገር ሰሌዳ ካጡ የገዙት ላሜራ ሳጥን ነው፤ ዋጋውም የላሜራ ሳጥን መሆን ነበረበት።

እንዲህ የምቆጣው እኔም ስላደረግኩት ነው። ወጣት ሳለሁ ሁለት የላሜራ ሳጥን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከትቼ፣ መሐሉን በጂፕሰም ሞልቼ ለአንድ አባት ሸጥኩላቸው። ጂፕሰሙ ትክክል ነበር። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው፤ ሲግል ውሃው እንፋሎት እየሆነ ይወጣና ሙቀቱን ይበላል። ሞኝነቴ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። የውስጡ ሳጥን እንዳይነቃነቅ በአራት የቶንዲኖ ቁራጭ ከውጪው ጋር በየድኩት። በሩ ዙሪያም ሲግል አብጦ ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሸጊያ አላደረግኩም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ከወጥ ቤት የተነሣ እሳት ያንን ቤት በላው። ተጠርቼ ሄድኩ። ሳጥኑ ጠቁሮ ቆሟል፤ ቅርጹ እንኳን አልተጣመመም፤ በልቤ ኮራሁ። ስከፍተው የቤቱ ካርታ እንደታጠፈ ቡናማ ሆኖ ተቆልቷል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ተፈረፈረ። ጠመንጃውን ሳወጣው ሰደፉ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላቸው የከሰሉ ቦታዎች አየሁ፤ ልክ ቶንዲኖ ከበየድኩበት ትይዩ። እሳቱ እኔ በሠራሁለት መንገድ ነበር የገባው። አባት ግን አልተቆጡም። «አንተ ምን ታደርግ ልጄ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ የወፈረ መምሰሉ

አንድ ደንበኛዬ «ባለ 14 ነው የገዛሁት» ብሎ ደረቱን ነፋ። 14 ሚሊ ሜትር መስሎት ነው። በውጭ አገር የካዝና ወረቀት ላይ የሚጻፈው የውፍረት ቁጥር ግን ወደ ኋላ የሚሄድ ነው፦ 14 ቁጥር 1.9 ሚሊ ሜትር፣ 12 ቁጥር 2.7፣ 10 ቁጥር 3.4 ነው። ሻጩን በሚሊ ሜትር ይንገረኝ ይበሉት፤ የበሩን ብቻ ሳይሆን የጎኑንም። በሩ ወፍራም፣ ጀርባው እንደ ውሃ በርሜል የሳሳ ካዝና ስንቱን ከፍቻለሁ። በአሜሪካ የቤት ካዝና የሚያገኘው መነሻ ደረጃ አንድ ሰው በመሣሪያ ታግሎ ለአምስት ደቂቃ እንዳይከፍተው የሚል ነው። አምስት ደቂቃ! ደግሞ እዚህ አዳማ ግንባታ የማይካሄድበት ሰፈር የለም፤ ቀን ላይ የግራይንደር ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት ቀና ብሎ እንኳን አያይም።

መሬት ላይ አስቀምጦ መተው

«150 ኪሎ ነው፣ ማን ያነሣዋል?» ይሉኛል። ያመጡት እኮ ሁለት ወዛደሮች በጋሪ ነው! የሚወስዱትም ሁለት ይበቃሉ። የአውሮፓው ደረጃ «ኢ ኤን 1143-1» ከ1000 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ካዝና ሁሉ መታሰሪያ ቀዳዳ እንዲኖረው ያዛል፤ የእርስዎ ከዚያ ስንት እጅ እንደሚያንስ ያስሉት።

የሚያስሩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ሊሾው ላይ ያስሩታል። ሊሾ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስሚንቶ ነው፤ ከሥሩ ድንጋይና አፈር። አንድ ቤት ያሰርኩትን ለማረጋገጥ ካዝናውን በዲጅኖ ነቅነቅ ሳደርገው አራቱም ቡሎን ከነሊሾው እንደ ድንች ተነቀለ። ብሎኬት ግድግዳም ከዚያ አይሻልም፤ ውስጡ ባዶ ነው። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ ሊሾውን ቆርጬ አነሣለሁ፤ ፌሮ ብረት አስሬ ካዝናው የሚቀመጥበትን ያህል ኮንክሪት እሞላለሁ፤ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ፤ ሲደርቅ ከካዝናው ውስጥ ወደ ታች በትራፓኖ በስቼ አስራለሁ። ከፍ የማደርገው ለጎርፍ ነው። ክረምት ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ውሃ የማን በር እንደሚያንኳኳ የከተማችን ሰው ያውቃል። መብሻው ግን ፋብሪካው በተወው ቀዳዳ ብቻ ይሁን። አዲስ ቀዳዳ የበሱበት ካዝና ያ ቶንዲኖ የበየድኩበት ሳጥን ማለት ነው።

ውጪውን ለክቶ መግዛት

ክላሽ 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከአያት የወረደ ውጅግራ ከሆነ 130 ይደርሳል። እሳት የሚያዘገይ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ 130 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ካዝና ውስጡ ውጅግራ አያቆምም። የቤትዎን በርም ይለኩ፤ መስኮት አስፈርሼ ያስገባሁት አንድ ካዝና አለ።

ቁጥር የሚነካበት ሁሉ ጠንካራ ይመስላል

ሆቴል ክፍል ውስጥ እንደምናያት ያለች ትንሽ ካዝና ገዝቶ ሽጉጡን የቆለፈባት አንድ መምህር ኮዱ ጠፍቶበት መጣ። «ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» አለኝ። አናቷን በጡጫ መታ እያደረግኩ እጀታውን ሳዞር በሦስተኛው ተከፈተች። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ፊቱ ግን ዐመድ መሰለ። ቤት ውስጥ የ12 ዓመት ልጅ አለው። ርካሽ የሆኑት ውስጣቸው መወርወሪያውን የሚይዘው አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፒን ነው፤ ሲነቀነቅ ይዘላል። ሲገዙ ሻጩ ፊት ይምቷት፤ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ከፋብሪካ የመጣውን ኮድ ደግሞ በዚያው ቀን ይቀይሩ።

የልደት ዓመት ኮድ አይሆንም። ቁም ሣጥን አናት ላይ የተቀመጠ ቁልፍም የተደበቀ ቁልፍ አይደለም፤ ልጆች የቤቱን ጓዳ ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ጥይት እንደጎረሰ መቆለፍ

እዚህ ላይ አልቀልድም። ልቅ የሆነ ጥይት እሳት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፤ ግን ዙሪያውን የሚይዘው ስለሌለ ቀለሁ ይቀደዳል፣ እርሳሱ ሩቅ አይሄድም። ጠመንጃው ውስጥ የጎረሰው ጥይት ግን ሲግል ቃታ እንደተሳበ ይተኩሳል፤ አፈሙዙ ወደ ዞረበት። እሳቱን የሚያጠፉት ጎረቤቶችዎ ናቸው፤ የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ባልዲ ይዘው የሚሮጡት። አራግፈው ይቆልፉ። ጥይቱን ለብቻው በሌላ ቁልፍ ያስቀምጡ።

የአዳማን ደረቅ አየር ማመን

ከተማችን ደረቅ ነው፤ የካዝናው ውስጥ ግን ሌላ አገር ነው። ያ ያመሰገንኩት ጂፕሰም እሳት ባይኖርም እርጥበት ይተነፍሳል፤ በሩ ጥብቅ ስለሆነ መውጫ የለውም። ስድስት ወር ሳይከፈት የቆየ መሣሪያ አፈሙዙ ዙሪያ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎ አግኝቼዋለሁ። በቆዳ ማኅደሩ ከተው ካስቀመጡት ይብሳል፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ከማኅደሩ አውጥተው ስስ ዘይት ይቀቡት፤ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያስገቡ፤ በወር አንድ ጊዜም በሩን ከፍተው ያናፍሱት።

ሳይበርድ መክፈት

እሳቱ ጠፋ ማለት ካዝናው በረደ ማለት አይደለም። አንድ ቤተሰብ ማታ የጠፋ እሳት ሳይነጋ «ወርቃችን፣ ሰማንያችን» እያለ በሩን አስከፈተ። ውስጡ ያለው ወረቀት እስከዚያች ደቂቃ ደህና ነበር፤ ለመቀጣጠል የጎደለው አየር ብቻ ነበር። በሩ ሲከፈት ቦግ አለ። የከፈተው ሰው ቅንድቡን አጣ፤ ሰማንያውም ሄደ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይተዉት፤ በእጅዎ ጀርባ ሲነኩት ቀዝቃዛ እስኪሆን ድረስ። ውሃም አይድፉበት።

ከዚያ ወዲህ በምገጥመው ካዝና ሁሉ ላይ «ከቃጠሎ በኋላ እስኪበርድ አይከፈት» ብዬ እጽፋለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ ነበር፤ ቀለሙ እሳት እንዳያገኘው ብዬ። አንዲት እናት አነበቡትና «ልጄ፣ ይህን ለማንበብ መጀመሪያ መክፈት የለብኝም ወይ?» አሉኝ። አሁን ከውጪ በኩል በብረት መምቻ እቀርጸዋለሁ።