ባለ25 ፓውንድ መድፍ ከነምሽጉ፦ የኤል አላሜይን ዲዮራማ በ1፡35

ዲዮራማ ማለት አንድን ትዕይንት አሳንሶ የሚያሳይ ሞዴል ነው፤ የኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግብፅ በረሃ ኤል አላሜይን የተደረገውን ውጊያ ከእውነተኛው 35 ጊዜ አሳንሶ ያሳያል። የምሽጉን ስፋት የሚወስነው መድፉ ነው። የእንግሊዞቹ ባለ25 ፓውንድ (87.6 ሚሊ ሜትር) ከሥሩ በሚነጠፍለት ክብ ሰሌዳ ላይ ሆኖ ዙሪያውን ይዞራል። ስለዚህ ምላጭ ከማንሳታችሁ በፊት የተገጣጠመውን መድፍ ካርቶን ላይ አዙሩት፤ ከኋላ መሬት ላይ የሚያርፈው የጅራቱ ጫፍ የሚዞርበትን ክብ አስምሩና ለመድፉ ተኳሾች መቆሚያ 2 ሳንቲ ሜትር ጨምሩበት። ጅራቱ ግድግዳ የሚነካበት ምሽግ የቱንም ያህል ቢያምር ውሸት ነው።

መደቡ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም ይሁን። የአላሜይን አሸዋ ከሥሩ ዓለት ስለሆነ ጥልቅ ጉድጓድ አይመስልም፤ 15 ሚሊ ሜትር ቆፍሩ፣ የቀረውን ከለላ በአሸዋ ከረጢትና በድንጋይ ካቡ። ፎሙን መጀመሪያ በነጭ የእንጨት ኮላ ቀቡት፤ ያለዚያ የሚረጭ ቀለም ያቀልጠዋል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከረጢቱ ላይ ነው። አንዱ 14 በ7 በ3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሁለት ክፍል ያለውን የኢፖክሲ ሊጥ ለውሱ፣ እንደ እርሳስ አድቦልቡሉት፣ ቆራርጡ፣ በጣት ጠፍጠፍ አድርጉና እርጥብ የቁስል ሻሽ ተጫኑበት፤ የጨርቁ ሽመና ይወጣል። ጫፉን በወረንጦ ቆንጥጡ፤ የታሰረው አፍ ወደ ውጭ መታየት የለበትም። የውስጡ ስፋት 18 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ረድፍ ወደ 40 ከረጢት ይፈጃል፤ ሦስት ረድፍ 120፣ ከኋላ ለመግቢያ የሚተወው ሲቀነስ። በአንዴ ከ20 በላይ አትሥሩ። ሊጡ ሳይደርቅ ካልተካበ የላይኛው በታችኛው ላይ አይተኛም፤ ክፍተት ይቀራል፣ ካቡም የሳሙና ድርድር ይመስላል። መጋጠሚያውን እንደ ጡብ አፈራርቁ። በየረድፉ መድፉን መልሳችሁ አስገቡ፤ አፈሙዙ ጋደም ሲል ካቡን ከነካ አንድ ረድፍ ይነሳ፤ ታንክ ሲመጣ በቀጥታ የሚተኮሰው በዚያ በኩል ነውና።

አሸዋውን በሻይ ማጥለያ ንፉት። በዚህ ልኬት 1 ሚሊ ሜትር ፍሬ የ3.5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ነው። ከጀሶና ከኮላ ጋር ስታቦኩት ቀለም ጨምሩበት፤ ሲላጥ ነጭ እንዳያሳይ።

የዚህ መድፍ አረርና ቀለህ ለየብቻ ነው የሚጎርሱት። እንደ ታንክ ጥይት አጣብቆ መደርደር ዕውቀት ያለውን ተመልካች ወዲያው ያስቃል። አረሩን በግድግዳው ጎድጓዳ ቦታ አቁሙ፣ የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ ወደ ኋላ ከምሩ፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1942 ለሊት የተከፈተውን የእንግሊዞች የመድፍ ድብደባ ከመረጣችሁ ክምሩን አትሰስቱ። 32 ጥይት የሚይዘው ተጎታች አጠገቡ ቢቆም ያስኬዳል። ጎታቹ መኪና ግን ወደ ኋላ ይወሰድ ስለነበር ለሌላ ሥራ አቆዩት።