የዩኒቨርሲቲ የድሮ ፎቶና የቢሮ ወረቀት እንዴት ይደራጃል?

ባሕር ዳር ላይ ይህን ሥራ በበጋ ጀምሩት። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ተደራርበው የቆዩ ፎቶዎች ይጣበቃሉ፤ ወረቀቱም ይሻግታል።

መጀመሪያ ምንም አትንኩ። የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ እንዳለ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቦክስ ፋይል ቁጥር ስጡና ከየትኛው ቢሮ እንደወጣ ደብተር ላይ ጻፉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል፤ ፎቶውን ለብቻ፣ ደብዳቤውን ለብቻ ይቆልላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፎቶው የሸኚ ደብዳቤ አባሪ ከሆነ፣ ማን እንደተነሳና ለምን እንደተነሳ የሚነግረን ደብዳቤው ብቻ ነው። ፎቶውን ማውጣት ግድ ከሆነ በቦታው ቁጥሩን የያዘ ወረቀት ተዉ።

የፖሊን (የፖሊ ቴክኒኩን) ወረቀት ከፔዳ (ከፔዳጎጂ፣ ማለትም ከመምህራን ማሠልጠኛው) ወረቀት አትቀላቅሉ። ዛሬ ሁለቱም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቢባሉም፣ ፖሊ ቴክኒኩ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተ፣ ፔዳም የራሱ አመሠራረት ያለው ተቋም ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ፋይል አያያዝ ነበረው፤ እንደነበረ ይቆይ።

ቀን ላይ ረጋ በሉ። አንድ ወረቀት ላይ 12/5/63 ተጽፏል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥር 12 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ማለትም ጥር 1971 እ.ኤ.አ. ነው። የውጭ አገር መምህር ጽፎት ከሆነ ግን ግንቦት 1963 እ.ኤ.አ. ሊሆን ይችላል። ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት! ስለዚህ ቀኑን እንደተጻፈው ገልብጡና ያሰባችሁትን አጠገቡ በቅንፍ አስቀምጡ። ቀን የሌለው ወረቀት ሲያጋጥማችሁ ማኅተሙንና ራስጌውን እዩ። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል ካለበት የደርግ ዘመን ነው።

አሁን ጽዳት። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ የዛገ ስቴፕልና ክሊፕ በቀስታ አውጡ። ኔጋቲቭና ፎቶ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አንሱ፤ የጣት ላብ አሻራ ይተዋል። ፎቶ ጀርባ ላይ ቁጥር ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዝ ላይ፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ በጭራሽ። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ፣ ፎቶ ላሚኔት ማድረግ፣ ፌስታል ውስጥ ማስቀመጥ ይቅር። ኮምጣጤ የሚሸት ኔጋቲቭ ካገኛችሁ እየተበላሸ ነውና ከሌሎቹ ለዩት፣ ስካን ሲደረግም ቅድሚያ ስጡት። የድሮ ፋክስ ወረቀትም ጽሑፉ እየጠፋ ስለሚሄድ ቶሎ ኮፒ አድርጉት።

ስካን ስታደርጉ ለደብዳቤ 300፣ ለፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ይበቃል። ዋናውን በቲፍ (ጥራቱን በሚጠብቅ የምስል ፋይል) አስቀምጡ፤ ለሰው የሚላከው ጄፔግ (መጠኑ አነስ ያለ የምስል ፋይል) ይሁን። የፎቶውን ጀርባም ስካን አድርጉ፤ ስምና ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የፋይሉ ስም ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ይሁን። አንድ ቅጂ ሌላ ግቢ ይቀመጥ።

ሳጥኖቹን ከወለል ከፍ አድርጉ፤ ከውጭ ግድግዳና ከውኃ ቧንቧ አርቁ። ውኃ ከነካቸው ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ሊጀምር ስለሚችል ነገ አትበሉ። የተጣበቁ እርጥብ ፎቶዎችን ግን በጉልበት አታላቅቁ።

የተማሪ ውጤትና የሠራተኛ የግል ማኅደር ካገኛችሁ ለብቻው ቆልፉበት። ለአንባቢ የሚከፈተው የሚመለከተው ኃላፊ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው።