የአንድ ዝነኛ የጦርነት ፊልም የቀረጻ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ዝነኛ የጦርነት ፊልሞች እንዴት እንደተሠሩ የሚነገረው ታሪክ ብዙ ነው፤ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ሲተላለፍም እየተጋነነ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ለመጻፍ ወይም ፊልሙ በሚታይበት መድረክ ለተመልካች ለማቅረብ የሚነሣ ሰው የታሪኩን ጣዕም ሳያጠፋ እውነቱን መጠበቅ ይኖርበታል። አሠራሩን ለማሳየት እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ዴቪድ ሊን በ1957 ለእይታ ያበቃውን «በክዋይ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ» የተባለውን ፊልም በምሳሌነት ወስጃለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነውን፣ በልቦለዱ የተጻፈውንና በቀረጻው ቦታ የተፈጸመውን በሦስት የተለያዩ ገጾች ላይ ያስፍሩ። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው እነዚህ ሦስቱ ሲደባለቁ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጃፓን ጦር በ1942 እና በ1943 ታይላንድን ከበርማ (ከዛሬዋ ምያንማር) የሚያገናኝ 415 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባቡር ሐዲድ በጦር ምርኮኞችና በእስያውያን የጉልበት ሠራተኞች ማሠራቱ፣ ከምርኮኞቹ ከ12,000 በላይ ማለቃቸው፣ ከእስያውያኑም ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ መሞታቸው ይጻፋል። በሁለተኛው ገጽ ላይ ፈረንሳዊው ፒየር ቡል በ1952 ያሳተመው፣ ለፊልሙ መነሻ የሆነው ልቦለድ ይገባል። ቡል ራሱ በጦርነቱ ጊዜ የታሰረው ኢንዶቻይና ውስጥ እንጂ በዚህ ሐዲድ ላይ አልነበረም። ገጾቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል፤ በልቦለዱ ምርኮኞቹ ለሐዲዱ የሠሩት ድልድይ ሳይፈርስ ይቀራል፣ በፊልሙ በፈንጂ ይወድማል፣ እውነተኞቹ ድልድዮች ግን ለሁለት ዓመት ያህል አገልግለው በ1945 ከአየር በተጣለ ቦምብ ተመቱ። በሥፍራው የነበሩት የእንግሊዝ ከፍተኛ መኮንን ፊሊፕ ቱሲም ለወታደሮቻቸው ደኅንነት የታገሉ ሰው ስለነበሩ፣ በፊልሙ ላይ ከጠላቱ ጋር እስከ መተባበር የሚደርሰው ኮሎኔል ኒኮልሰን የእርሳቸው ምስል ነው ብሎ መጻፍ በደል ነው። ከሞት የተረፉ ብዙ ምርኮኞች በፊልሙ ማዘናቸውም ስለዚህ ነውና ቅሬታቸውን በጽሑፉ ውስጥ ሳይጠቅሱ አይለፉ።

ሦስተኛው ገጽ የቀረጻው ነው። ድልድዩ የተሠራው ታይላንድ ውስጥ ሳይሆን በሲሎን፣ ማለትም በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ኪቱልጋላ በተባለ ሥፍራ በኬላኒ ወንዝ ላይ ነው። ካርታ ዘርግተው ቦታውን ይፈልጉት፤ የወንዙን ገደልና የደኑን ጥቅጥቅነት ያየ ሰው እንጨቱን ለማጓጓዝ ዝሆኖች ለምን እንዳስፈለጉ ማብራሪያ አያሻውም። ከቁጥር ግን ይጠንቀቁ። የፊልም ኩባንያዎች ወጪያቸውን አግንነው ማውራት ይወዳሉ፤ ለዚህ ድልድይ ወጣ ተብሎ በማስታወቂያ የተነገረው 250,000 ዶላርም ከእውነተኛው ወጪ እጅግ የራቀ ነበር፤ የአገሬው ጉልበት በርካሽ የተገኘ ነበርና። ይህን ሲጽፉ ድልድዩን ያቆሙትን የሲሎን ሠራተኞች ያንሷቸው። ስለ ዳይሬክተሩ ጽናት ገጽ ሙሉ ተጽፎ ግንዱን የተሸከመው ሰው በአንድ መስመር እንኳ የማይጠቀስበት ጽሑፍ በእኔ ዘንድ ጎዶሎ ነው።

ለፍንዳታው ቀን ሰፊ ቦታ ይስጡት። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ፈንጂው መፈንዳት ነበረበት፤ ድልድዩ አንድ ብቻ ስለነበረም ቀረጻውን መድገም የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ በርካታ ካሜራዎች በተለያየ አቅጣጫ ተተክለው፣ እያንዳንዱ ባለሙያ ካሜራውን አስነሥቶ ከአደጋው ክልል መውጣቱን በምልክት እንዲያሳውቅ ተደረገ። ማርች 10 ቀን 1957 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ባንዳራናይኬ ከባለሥልጣኖቻቸው ጋር በተገኙበት ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከባለሙያዎቹ የአንዱ ምልክት ግን ሳይመጣ ቀረ። ሊን ፍንዳታውን አስቆመ። ባቡሩም ድልድዩን ተሻግሮ በማዶ ከቆመ ጄኔሬተር ጋር ተላተመ፤ ከተጠገነ በኋላ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ተነዳና ዛሬ የምናየው ፍንዳታ ተቀረጸ። ብዙዎች የሚያደምቁት የባቡሩን ግጭት ነው፤ እኔ ግን ያን ያህል ዝግጅት የተደረገለት ቀረጻ ለአንድ ሰው ሕይወት ሲባል መቆሙን የታሪኩ ልብ አድርጌ አየዋለሁ። እርስዎም ሲጽፉት ማን የት እንደቆመ፣ ምን ምልክት ይጠበቅ እንደነበረና ምን እንደጎደለ በቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ «አስደናቂ» ወይም «ልብ አንጠልጣይ» የሚል ቅጽል መጨመር አያስፈልግም።

የዚሁ ፍንዳታ ፊልም ወደ ለንደን ሲላክ ጠፍቶ ከሳምንት በኋላ ካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ተገኘ፣ ሲታጠብ ግን ምንም አልሆነም የሚል ወሬም ተደጋግሞ ይነገራል። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያጋጥምዎ ከዘመኑ ሁኔታ ጋር ያስተያዩት። የስዊዝ ቦይ በዚያን ወቅት በ1956ቱ የስዊዝ ጦርነት ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ፊልሙ በመርከብ ፈንታ በአውሮፕላን ተላከ መባሉ ያስኬዳል፤ ሆኖም ሊሆን መቻሉ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ «እየተባለ ይነገራል» በሚል ማሰሪያ ይጻፉት እንጂ ከፍንዳታው ቀን እኩል አያስቀምጡት።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችን አይናቁ፤ እንዲያውም አንባቢ ፊልሙን ዳግመኛ እንዲያይ የሚገፋፉት እነርሱ ናቸው። ኒኮልሰንን ሆኖ የተጫወተው አሌክ ጊነስ ለቅጣት ከታሰረበት የብረት ማጎሪያ ወጥቶ በሚንገዳገድበት ትዕይንት አረማመዱን የወሰደው ከፖሊዮ እያገገመ ከነበረው ልጁ ነው። ትዕይንቱን አቁመው ጉልበቱን፣ ትከሻውንና ቀጥ ብሎ ለመሄድ የሚያደርገውን ትግል ይመልከቱ፤ ያዩትንም በራስዎ ቃል ይግለጹ። ወታደሮቹ እያፏጩ የሚገቡበት «ኮሎኔል ቦጊ» የተባለው የሰልፍ ዜማም ከ1914 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ወታደሮች የገጠሙለት ግጥም ብልግና ያለበት ስለነበር በፊልሙ በፉጨት ብቻ ቀረበ።

በቀረጻው ወቅት ከረዳት ዳይሬክተሮቹ አንዱ በመኪና አደጋ ሞቷል፤ ሊን ራሱም በወንዙ ተወስዶ ሊሰጥም ሲል ተዋናዩ ጄፍሪ ሆርን አድኖታል። ሞቱን ከሚያዝናኑት ታሪኮች ለይተው፣ ያለ ማጋነን፣ በአጭሩ ይጻፉት።

የባለሙያዎችን ስም በሚመለከት በፊልሙ መግቢያ ላይ የሰፈረውን ዝርዝር ብቻ አይመኑ። የፊልሙን ድርሰት የጻፉት ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው በሆሊዉድ ሥራ እንዳይሰጣቸው በተከለከሉ ሰዎች ጥቁር መዝገብ የሰፈሩ ስለነበሩ ስማቸው ሳይወጣ ቀረ፤ ፊልሙ ካገኛቸው ሰባት የኦስካር ሽልማቶች አንዱ የሆነው የድርሰት ሽልማትም በእንግሊዝኛ ለማይጽፈው ለፒየር ቡል ተሰጠ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ስሕተቱን ያረመው በ1984 ነው፤ ዊልሰን በ1978 ሞቶ ነበርና አልደረሰበትም፤ ፎርማንም በዚያው በ1984 ዐረፈ። በጽሑፍዎ ውስጥ የድርሰቱ ነገር በተነሣ ቁጥር የሁለቱን ስም ይጻፉ።

ታሪኩን በመድረክ የሚያቀርቡት ከሆነ ስለ ሐዲዱ፣ ስለ ኪቱልጋላና ስለ ጸሐፊዎቹ የሚናገረውን ክፍል ከፊልሙ በፊት ያቅርቡ፤ የጊነስን አረማመድና የፍንዳታውን ሁለት ቀናት ግን ተመልካቹ ትዕይንቶቹን ራሱ አይቶ እስኪጨርስ ድረስ ያቆዩለት።