የሚያሳክካት ትንሽ ውሻ፦ ክትባትና መድኃኒት ሲታዘዝላት ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

«ክትባት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብሎ የእንስሳት ሐኪም የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ ይመለሳል። ሐኪሙ «ይጠቅማል» ይላል፣ ባለቤቱ ከነጥርጣሬው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ውሻዋም እንደ ወትሮዋ ስታክ ታድራለች። መልስ የሚያስገኘው ጥያቄ ጠበብ ያለው ነው፦ ይህ ክትባት ለዚህች ውሻ ዛሬ ያስፈልጋታል ወይ? መድኃኒት ሲታዘዝም እንደዚሁ፦ ይህ መድኃኒት የሚያክመው የትኛውን ምክንያት ነው?

በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሕፃናትን ስከትብ ነው የኖርኩት። ስለዚህ የክትባት ጠላት ጽሑፍ እያነበቡ አይደለም። ከመርፌው በፊት የሚጠይቅ እናት ወይም አባት ሥራዬን ሲያግዙልኝ እንጂ ሲያስተጓጉሉብኝ አይቼ አላውቅም። አምስት ኪሎ የማትሞላው ውሻዬ ቡቺ ቆዳዋ ሲታመም ይህንኑ ልማድ ይዤ ሄድኩ። እርስዎም ይዘው ይሂዱ።

በመጀመሪያ ማስታወሻ ይያዙ። በሽታውን ለደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ውሻ ግን በሽታዋን አትደብቅም፣ የሚናገርላት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ማሳከኩ መቼ ጀመረ? ዕድሜዋ ስንት ነበር? ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ በተወሰነ ወቅት ይብሳል? ቀድሞ የመጣው ማከኩ ነው ወይስ ሽፍታው? በየቀኑ ማታ ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ ይስጡት፤ ዜሮ ጤነኛ ውሻ፣ አሥር ደግሞ እንቅልፍና ምግብ ትታ የምታክ ናት። የቆዳ ሐኪሞችም እንዲህ ያለ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ በኋላ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከሁሉ በላይ የምታክበትን ቦታ ይጻፉ። ወገቧንና የጭራዋን ሥር ከነከሰች ቁንጫ ይጠረጠራል። መዳፏን የምትልስ፣ ጆሮዋን፣ ብብቷንና ሆዷን የምታክ ከሆነ አለርጂ ይታሰባል። የጆሮዋ ጠርዝና ክርኗ ቆስሎ የቤቱ ሰው ሁሉ ማከክ ከጀመረ እከክ ሊሆን ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይውጡ፤ የውሻ እከክ ወደ ሰው ይጋባል።

ቁንጫን በተመለከተ ሐኪም ሳይጠብቁ ቤትዎ የሚያደርጉት ምርመራ አለ። ጥርሱ የተጠጋጋ ማበጠሪያ ይውሰዱና ከጭራዋ በላይ ያለውን ፀጉር እስከ ቆዳው ድረስ አስገብተው ያበጥሩ። የወጣውን ፀጉርና ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉ። እንደ ደቃቅ ቁንዶ በርበሬ የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች ካሉ ጥቂት ይጠብቁ። ተራ አቧራ ከሆነ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በነጥቡ ዙሪያ ቀይ ቡናማ ቀለም ከፈሰሰ ግን ያ የተፈጨ ደም፣ ማለትም የቁንጫ ኩስ ነው። ቁንጫውን በዓይንዎ ባያዩትም አለ ማለት ነው። ወረቀቱን አጥፈው ይዘው ይሂዱ። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለባትን ውሻ ለማሳበድ ጥቂት ንክሻ ይበቃል፤ እሷው እየላሰችና እየነከሰች ስለምትውጣቸውም ላይገኙ ይችላሉ። ከዚያም በላይ አብዛኛው የቁንጫ ትውልድ ያለው በእንቁላል፣ በትልና በሙሽሬ መልክ ምንጣፉና መኝታዋ ውስጥ ነው። ውሻዋን ብቻ አክሞ ቤቱን መተው ችግሩን ማስቀጠል ነው።

ወደ ምርመራው ክፍል ሲገቡ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ «ቆዳዋ በማይክሮስኮፕ ታይቷል?» ቆዳን ፋቅ አድርጎ ወይም በሚጣበቅ ፕላስተር ናሙና ወስዶ ማየት ቀላል ምርመራ ነው፤ ባክቴሪያን፣ ማላሴዚያ የሚባለውን የፈንገስ ዓይነትና አንዳንድ ጥቃቅን ተባዮችን ያሳያል። ደስ የማይል ሽታና ቅባት ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ የማላሴዚያ ምልክት ነው። ባክቴሪያና ፈንገስ በሌላ ችግር ላይ ተደርበው የሚመጡና በራሳቸውም የሚያሳክኩ ስለሆኑ እነሱን ሳያጸዱ ስለ አለርጂ መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው። እከክ ግን በተፋቀው ናሙና ላይ ላይታይ ይችላል፤ ሐኪሙ «አላገኘሁም፣ ግን ለእከክ ላክማት» ካለ ትክክል ነው፣ አይቃወሙት።

ምግብ ከተጠረጠረ ማረጋገጫው አንድ ነው። ከዚህ በፊት በልታ የማታውቀውን ወይም በፋብሪካ ፕሮቲኑ እጅግ የደቀቀ ምግብ ብቻ ቢያንስ ለስምንት ሳምንት ትበላለች፤ ከተሻላት የድሮው ምግብ ተመልሶ ይሰጣትና ማሳከኩ ይመለስ እንደሆነ ይታያል። በእነዚያ ሳምንታት ከጠረጴዛ የሚወረወር ቁራሽ ሙከራውን ያፈርሰዋል። የምግብ አለርጂን ከደም፣ ከፀጉር ወይም ከምራቅ እናውቃለን የሚሉ ምርመራዎች አስተማማኝ አይደሉም፤ «በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርተው ምግቧን ይቀይራሉ?» ብለው ይጠይቁ። እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ካለፉ በኋላ የሚቀረው ከአካባቢ የሚመጣ አለርጂ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ በአንድ ምርመራ «ይኸው» ተብሎ የሚታወቅም አይደለም።

መድኃኒት ሲነሳ እኔ የማስቀድመው ጥያቄ «ባይስማማት ማቆም እችላለሁ?» የሚለው ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ የቡቺን ቆዳ ገልጦ ያየ ሰው ሳይኖር ለሳምንታት የሚቆይ የስቴሮይድ መርፌ ተዘጋጅቶ ቀረበልኝ። አልተቀበልኩም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ በክኒን ከሰጧት መጠኑን መቀነስ ይቻላል፤ አንዴ የተወጋ መርፌ ግን ተመልሶ አይወጣም። ስቴሮይድ ማሳከክን በፍጥነት የሚያስታግስ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ውሃ ያስጠጣል፣ ያሸናል፣ ያስርባል። ለረጅም ጊዜ ከወሰደችው በድንገት አይቋረጥም፣ ስቴሮይድ ካልሆኑ የሕመም ማስታገሻዎች ጋርም አይሰጥም። ኦክላሲቲኒብ የሚባለው ክኒንም ቶሎ ይሠራል፤ አንድ ዓመት ላልሞላቸው ውሾች ግን አይፈቀድም። ሎኪቬትማብ የማሳከክ መልእክት የሚያስተላልፈውን ፕሮቲን የሚያግድ መርፌ ሲሆን በየአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይደገማል። ሳይክሎስፖሪን ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በሳምንት ውስጥ «አልሠራም» ብለው አይተዉት። ፀረ ሂስታሚን የሚባሉት የአለርጂ ክኒኖች በውሻ ላይ ደካማ ናቸው፤ የሰውን የጉንፋን መድኃኒት ግን ጨርሶ አይሞክሩት፣ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን ውሻን ይመርዛል።

ፍሉራላነርና አፎክሶላነርን የመሳሰሉ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒቶች ለብዙ ውሾች ደኅንነታቸው የተጠበቀ ነው። ሆኖም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንዳንድ ውሾችን ሊያንቀጠቅጡና ሊጥሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ውሻዎ ተንቀጥቅጣ ወድቃ የምታውቅ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት የሚጠቀሙ ደግሞ ቤት ውስጥ ድመት ካለ ይጠንቀቁ፤ ድመትን ይገድላል።

አሁን ወደ ክትባቱ። ቆዳዋ ለወራት ሲያሳክካት የከረመች ውሻ ምክንያቱ ያለፈው ዓመት ክትባት ነው ብሎ ለመደምደም የሚያበቃ ማስረጃ የለም። የክትባት አለርጂ መልኩ ሌላ ነው፦ ከመርፌው በኋላ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ፊት ያብጣል፣ ቆዳው ላይ እብጠቶች ይወጣሉ፣ ያስታውካታል፣ ከባሰም ትዝለፈለፋለች። ያ ድንገተኛ ሕመም ነው፣ ሐኪም ዘንድ ወዲያው ያስሮጣል።

ይሁንና ትንሽነቷ ጥያቄ ለማንሳት በቂ ምክንያት ነው። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመና ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ በላይ ውሾችን የተመለከተ የአሜሪካ ጥናት፣ ክትባት በተሰጠ በሦስት ቀን ውስጥ ጉዳት የተመዘገበባቸው ከ10,000 ውሾች 38 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። አሥር ኪሎና ከዚያ በታች በሚመዝኑት ላይ ግን በአንድ ቀን የሚጨመር እያንዳንዱ ክትባት አደጋውን በ27 በመቶ ከፍ ያደርገዋል፤ ከአሥራ ሁለት ኪሎ በላይ በሆኑት ላይ ጭማሪው 12 በመቶ ነው። ስለዚህ «ሁሉንም ዛሬ መስጠት ግድ ነው? በሳምንታት ልዩነት ከፋፍለን ብንሰጣትስ?» ይበሉ። ለቡቺ የጠየቅኩት ይህንን ነው፣ ሐኪሟም ያለ ችግር ተስማማ። አንዱን መጠን ለሁለት ይክፈሉልኝ ግን አይበሉ። ክትባት በኪሎ አይሰላም፤ የተቆረሰ መጠን ከበሽታው ላያድናት ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ «የትኛው ነው ግዴታ፣ የትኛው ነው እንደ ኑሮዋ የሚወሰን?» የሚለው ነው። ዲስቴምፐር፣ ፓርቮና አዴኖቫይረስ የሚባሉትን የቫይረስ በሽታዎች የሚከላከሉት ክትባቶች ለሁሉም ውሻ ያስፈልጋሉ። ቡችላ የመጨረሻውን ዙር አሥራ ስድስት ሳምንት ሲሞላት ወይም ከዚያ በኋላ መውሰድ አለባት፤ ከእናቷ ያገኘችው መከላከያ ቀደም ያሉትን ክትባቶች ሊያከሽፋቸው ስለሚችል ነው። በስድስት ወር ገደማ አንድ ማጠናከሪያ ከተጨመረላት በኋላ የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እነዚህን ሦስቱን ከሦስት ዓመት ባጠረ ጊዜ መድገም አያስፈልግም ይላል። በየዓመቱ ይሰጡ ከተባለ «ለምን?» ማለት መብትዎ ነው፤ መከላከያዋ አለ ወይስ የለም የሚለውን በደም ምርመራ ማወቅም ይቻላል። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ክትባት ግን ከዚህ ይለያል። መከላከያው ቶሎ ስለሚደክም በየዓመቱ ይደገማል፣ በሽታው ባለበት አካባቢም በአይጥ ሽንት ስለሚዛመት የጭን ውሻ ናት ተብሎ አይታለፍም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ላይ የምደራደርበት ነገር የለኝም። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ወደ ሰው የሚገባውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። በብዙ አገር ሕግም ያስገድዳል። የሚጠየቀው ጊዜው ብቻ ነው። ትኩሳት ካላት፣ ቆዳዋ መግል ከያዘ፣ ወይም በከፍተኛ መጠን ስቴሮይድ እየወሰደች ከሆነ «እስኪሻላት እናዘግየው?» ይበሉ፤ ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ እንስሳ ነውና። መጠነኛ ማሳከክ ብቻውን ግን አያስዘገይም።

በተከተበች ጊዜ ከክሊኒኩ ቶሎ አይውጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጡ። ቀጠሮውንም ጠዋት ያድርጉት፤ ማታ ፊቷ ቢያብጥ ክፍት ክሊኒክ መፈለግ ያስጨንቃል። ብልቃጡ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር የያዘ ወረቀት ካርዷ ላይ እንዲለጥፉልዎ ይጠይቁ። ከዚህ በፊት አብጣ የምታውቅ ከሆነ የትኛው ክትባት እንደነበረ የሚነግረን እሱ ብቻ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ መድኃኒቱ በስንት ቀን ለውጥ ማሳየት እንዳለበት፣ ለውጥ ካልመጣም ቀጥሎ የሚመረመረው ምን እንደሆነ ሐኪሙ በማስታወሻዎ ላይ በእጁ ይጻፍልዎ።